ስለ ቁስልና እብጠት መድኃኒት ዕፀዋት አጭር ታሪክ፤ የተጻፈውና ያልተጻፈው



በዚህ ዓመት ዕድራችን ከሸኛቸው ወገኖች መካከል ሁለቱ ለዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ምክንያት ሆነዋል።

አንደኛዋ በሰፈራችን የእሳት ቃጠሎና የቆየ ቁስል በማዳን የታወቁ አሮጊት እናታችን ነበሩ። በልጅነቱ የፈላ ውሃ ወይም የሚንተከተክ ወጥ ተደፍቶበት እሳቸው ዘንድ ያልተወሰደ የሰፈር ልጅ ጥቂት ነው። በሠልስቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ስንጨዋወት አንዱ የመድኃኒታቸውን ነገር አነሣ። ልጃቸውም ጓዳ ገብታ ከሥሩ ጥቂት ቅባት የቀረበት ብልቃጥ ይዛ መጣች። ተራ በተራ አሸተትነው። ማር እንዳለበት አወቅን፤ ቅቤም ሳይኖርበት አይቀርም አልን። የቅጠሉን ዓይነት ግን የሚያውቅ ጠፋ። «እማዬ ቅጠሉን የምትቆርጠው ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ ማንንም አታስከትልም። ከተነገረ ይረክሳል ትል ነበር» አለችን ልጅቱ። እንግዲህ መድኃኒቱ ከባለመድኃኒቷ ጋር አብሮ ተቀበረ ማለት ነው። መቃብሩን ያስቆፈርነውም እኛው ነን።

ሁለተኛው የስኳር ሕመም የነበረባቸው አባላችን ናቸው። አዲስ ጫማ እግራቸውን ላጠው። ስላላመማቸው ናቁት። ከገበያ የተገዛ የተወቀጠ ቅጠል እያሰሩበት ስድስት ሳምንት ቆዩ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ጣቶቻቸው ጠቁረው ነበር። እግራቸው ተቆረጠ፤ እሳቸውም ብዙ አልቆዩልንም። ያን ቅጠል «ፍቱን ነው» ብለን ገዝተን ያመጣንላቸው ጎረቤቶችም ከመካከላችን አለን።

እነዚህ ሁለት ቀብሮች የማይስማማ ነገር የሚናገሩ ይመስላሉ። የመጀመሪያው «የአባቶቻችን መድኃኒት ጠፋ» ያሰኛል። ሁለተኛው ደግሞ «የቅጠል ነገር ይቅርብን» ያሰኛል። በድንኳኑም ውስጥ ክርክሩ የቀጠለው በዚሁ መልክ ነበር። እኛ ግን ታሪኩን አገላብጠን ስናየው የሁለቱም ሥር አንድ ሆኖ አገኘነው። ይኸውም የትኛው ቅጠል ለየትኛው ቁስል፣ በምን መጠን፣ እስከ ስንት ቀን እንደሚበጅና መቼስ እንደሚጎዳ ያየ ሞልቶ ሳለ የጻፈ አለመኖሩ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበውም ይህንኑ የሚያስረዳ ነው። ታሪኩ በአብዛኛው ከውጭ ዓለም ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) አስቀምጠናል፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነውን «ዓ.ም.» ብለን ለይተናል።

ቁስል ሲቆጣ

በአንደኛው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ የተቆጣ ቁስል ምልክቶች አራት ናቸው ሲል ጽፏል፤ መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና ማመም። ዛሬም የሕክምና ተማሪ እነዚህኑ አራቱን ይማራል። በአማርኛ የሕክምና ቋንቋ «ብግነት» የሚባለው ይህ ነው።

ብግነት በመነሻው የሰውነት መከላከያ እንጂ በሽታ አይደለም። ቆዳ ሲቀደድ በአካባቢው ያሉት ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ፤ ጀርሙን ይዋጋሉ፣ የሞተውንም ሥጋ ይጠርጋሉ። ከዚያ በኋላ አዲስ ሥጋ ይሞላል፣ ቆዳው ይገጥማል፣ ጠባሳ ይቀራል። ችግር የሚመጣው ቁጣው አልበርድ ሲል ነው፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ መግል ይቋጥራል። ስለዚህ የቁስል መድኃኒት ተብሎ የሚሰጥ ነገር ጀርሙን መግታት፣ ወይም ቁጣውን ማብረድ፣ ወይም አዲሱ ሥጋ እንዲሞላ ማገዝ ይኖርበታል። ሰው በየአገሩ፣ በየዘመኑ እነዚህን ሦስቱን ከቅጠል፣ ከሥር፣ ከልጥና ከሙጫ ሲፈልግ ኖሯል።

ከርቤ፤ ከቆላችን የወጣው ሙጫ

ስለ ቁስል ከተጻፉት ጥንታዊ ጽሑፎች መካከል የግብፅ ፓፒረሶች ይገኛሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተጻፈውና ዛሬ የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ የሚባለው 48 የጉዳት ዓይነቶችን በተራ ይዘረዝራል። ለብዙዎቹ ክፍት ቁስሎች የሚያዘው አንድ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ትኩስ ሥጋ ይታሰርበታል፤ ከዚያ በኋላ ስብ፣ ማርና የተባዘተ ክር ይደረግበታል። ከዚህ ትንሽ ዘግይቶ በ1550 ዓመት ገደማ የተጻፈው የኤበርስ ፓፒረስ ደግሞ ወደ 700 የሚጠጉ የመድኃኒት አዘገጃጀቶችን ይዟል፤ ከእነርሱም መካከል እሬትና ከርቤ አሉ።

የፈርዖኖቹ ሰዎች ከርቤና ዕጣን ፍለጋ ሩቅ ይሄዱ ነበር። ንግሥት ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት መርከቦቿን ወደ ፑንት ምድር ላከች። በዴር ኤል ባሕሪ ባለው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ የሽቱ ዛፎች ከነሥራቸው በቅርጫት ሆነው ሲጫኑ ተቀርጸው ይታያሉ። ብዙ ሊቃውንት ፑንትን ዛሬ ኤርትራ፣ ሰሜን ኢትዮጵያና ሶማሊያ ባሉበት አካባቢ ያደርጉታል።

ከርቤ በኦጋዴን፣ በባሌና በቦረና ቆላ የሚበቅለው እሾኻማ ዛፍ ሙጫ ነው። ልጡ ሲቀደድ ይፈሳል፤ ሲደርቅ ቀላ ያለ ጓል ይሆናል። ዛፉ የገዛ ቁስሉን የሚደፍንበት ነው ማለት ይቻላል። ለእኛ ለዕድርተኞች ደግሞ የከርቤ ታሪክ ቅርብ ነው። በዮሐንስ ወንጌል እንደምናነበው ኒቆዲሞስ ለጌታ ቀብር ይዞት የመጣው ከርቤና እሬት ነበር። የሕያዋንን ቁስል የሚያጥበው ሙጫ ለሙታን ገላም ይውል ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ የጣሊያን ተመራማሪዎች በከርቤ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች በአይጥ ላይ ሕመም እንደሚያስታግሡ አሳተሙ። በአውሮፓ ፋርማሲዎች ከርቤ በአልኮል ተዘፍዝፎ ለድድና ለአፍ ቁስል ይሸጣል። ይህ ሁሉ የሆነው ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ አንዱ የጻፈውን ሌላው እያነበበ ስለመጣ ነው።

በብራና የቀረውና በአፍ የቀረው

በአገራችን ጨርሶ አልተጻፈም ብንል ውሸት ይሆንብናል። መጽሐፈ መድኃኒትና ዕፀ ደብዳቤ የሚባሉ፣ በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ የእጅ ጽሑፎች አሉ። በውስጣቸው የቅጠልና የሥር መድኃኒት ከጸሎትና ከክታብ ጋር ተደባልቆ ይገኛል። ስቴፋን ስትረልሲን የተባለው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ እነዚህን ጽሑፎች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 በፈረንሳይኛ በሁለት ቅጽ አሳትሟል። ሁለተኛው ቅጽ የዕፀዋቱን ስም ለመለየት የተደከመበት ነው። አንዱ ቅጠል በጎጃም አንድ ስም፣ በሸዋ ሌላ ስም፣ በትግራይ ሦስተኛ ስም ሊኖረው ስለሚችል ስሙን ብቻ ይዞ ቅጠሉን ማግኘት ቀላል ሥራ አይደለም።

ሙስሊም ወገኖቻችንም በበኩላቸው የነቢዩ ሕክምና ተብሎ በመጻሕፍት የተላለፈ ዕውቀት አላቸው። በሐዲስ ከተመሰገኑት አንዱ በየቤታችን የሚገኘው ጥቁር አዝሙድ ነው።

ከዚህ የተረፈው ግን በአፍ ነው የኖረው። ጠለንጅ ለሚደማ ቁስል፣ ክትክታ ለቃጠሎ፣ የብሳና ፈሳሽ ለጭርትና ለቁስል፣ እምቧጮም እንዲሁ። ከእናት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር፣ ብዙ ጊዜም በሞት አልጋ ላይ ነው የሚተላለፈው። ምሥጢር መደረጉንም ዝም ብለን መንቀፍ አይገባንም። ለባለመድኃኒቱ እንጀራው ነው። ደግሞም ቅጠሉን በማያውቅ እጅ ከመጣል መደበቅ ይሻላል የሚል ጥንቃቄ አለበት፤ ከሚያድኑት ጎን የሚገድሉ አሉና። ነገር ግን በሞት አልጋ ላይ ለመናገር ቀድሞ መታመምን፣ አንደበትም አለመያዙን ይጠይቃል። ድንገተኛ ሞት ለኑዛዜ ጊዜ እንደማይሰጥ ከዕድርተኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ዋጊኖስ ስሙን እንዴት አጣ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። በቆየበት ጊዜ የሀገሩ ሰው የሚታከምባቸውን ዛፎች እየጠየቀ መዘገበ፤ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለው ጣሊያናዊ ረዳቱም ከሥር እስከ ፍሬ ሣላቸው። ባሉጋኒ እዚያው ጎንደር ሞተ። ብሩስ አገሩ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1790 ጉዞውን በአምስት ቅጽ አሳተመ። ከመዘገባቸው ዛፎች አንዱ ኮሶ፣ ሌላው ዋጊኖስ ነው። ዋጊኖስን የሀገሬው ሰው ለተቅማጥ፣ ለእከክና ለክፉ ቁስል ይጠቀምበታል።

ታዲያ ዛሬ ዋጊኖስ በዓለም የሳይንስ መዝገብ የሚጠራው በማን ስም ነው ቢባል «ብሩሲያ» ተብሎ በብሩስ ስም ነው። ዛፉን ያሳዩት፣ ልጡን የቀጠቀጡት፣ መጠኑን የነገሩት የእኛ ሰዎች ስማቸው የለም። ብሩስ ሰረቀ አንልም፤ ጻፈ እንጂ። የጻፈ ሰው ስም ይቀራል፣ የነገረ ሰው ስም ይረሳል።

የዋጊኖስም ታሪክ በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ኬሚስቶች «ብሩሲያንቲን» ያሉትን ንጥረ ነገር ከዚህ ተክል ለይተው አወጡ፤ ለነቀርሳ ይጠቅማል ተብሎ በሰው ላይ ተሞከረ። ሆኖም ጎጂነቱ ከጥቅሙ ስለበለጠ ሙከራው ቆመ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በሉልን፤ አልጠቀመም የሚለውም ተጽፎ ተቀመጠ። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ያንኑ ስሕተት እንዳይደግም ይረዳዋል።

አኻያና የአንድ ቄስ ደብዳቤ

አኻያ ወንዝ ዳር የምናውቀው ዛፍ ነው። በአውሮፓም የራሱ ዘመዶች አሉት። በእንግሊዝ አገር ቺፒንግ ኖርተን በተባለ ከተማ የነበሩ ኤድዋርድ ስቶን የሚባሉ ቄስ አንድ ቀን የአኻያ ልጥ ቢቀምሱ መረራቸው። መራራነቱ በዚያ ዘመን ለወባ ትኩሳት ይሰጥ የነበረውን የደቡብ አሜሪካ ልጥ አስታወሳቸው። ልጡን ሰብስበው በዳቦ ምድጃ አጠገብ ከሦስት ወር በላይ አደረቁት፤ አስወቅጠው በወንፊት ነፉት፤ ከጥቂት ጀምረው መጠኑን እየጨመሩ ለበሽተኛ ሰጡ። ወደ 50 በሚሆኑ ሰዎች ላይ ካዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1763 በለንደን ለሚገኘው የሳይንስ ማኅበር ደብዳቤ ጻፉ።

ከዚያች ደብዳቤ በኋላ የመጣውን እንመልከት። በ1828 ሙኒክ ላይ ቡክነር የተባለ ኬሚስት ከአኻያ ልጥ መራራውን ንጥረ ነገር ለየ። ቆይቶም ከዚሁ ዘር የሆነው ሳሊሲሊክ አሲድ ለትኩሳትና ለመገጣጠሚያ እብጠት መሰጠት ጀመረ፤ ግን ጨጓራ ይበላ ነበር። በ1897 በጀርመኑ ባየር ኩባንያ ፊሊክስ ሆፍማን ይህንኑ አሻሽሎ ሠራው፤ በ1899 «አስፕሪን» ተብሎ ወጣ። አስፕሪን ብግነትን እንዴት እንደሚያበርድ የታወቀው ግን በ1971 ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን ሰውነት የብግነት መልእክተኛ የሆኑትን ፕሮስታግላንዲኖች እንዳያመርት እንደሚያግደው አሳየ፤ በ1982ም ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከቄሱ ደብዳቤ እስከዚህ 200 ዓመት አልፏል።

ቄሱ ከእኛዋ እናት የበለጠ ሐኪም አልነበሩም። እሳቸውም በአጋጣሚ ቀመሱ፣ እሳቸውም ምድጃ አጠገብ አደረቁ። ልዩነቱ ቆጥረው መጻፋቸው ብቻ ነው።

የእርድ ክርክር

ከሁሉ በላይ ይህን ነገር ግልጽ የሚያደርገው የእርድ ታሪክ ነው። እርድ አልጫ ወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ቢጫ ሥር ነው። በሕንድ አገር ከምግብ ሌላ ቁስል ላይ ይነሰነሳል፤ እናቶች ሁሉ ያውቁታል። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል እርድን ለቁስል ማዳኛ በመጠቀም ረገድ የፈጠራ ባለመብትነት ፓተንት ተሰጠው። በሕጉ መሠረት በአሜሪካ አገር እርድን ለቁስል ብሎ የሚሸጥ ሁሉ ማስፈቀድ ሊኖርበት ሆነ።

የሕንድ መንግሥት የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ተቃውሞ አቀረበ። «አያቶቻችን ያውቁታል» ማለት ብቻ አይበቃም ነበር፤ የፓተንት መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው የታተመ ማስረጃ ነው። ሕንዶቹ ከጥንት የሳንስክሪት ጽሑፍ ጀምሮ በ1953 በሕንድ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት እስከወጣው ድረስ 32 ማስረጃ ቆጥረው አቀረቡ። በ1997 ፓተንቱ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ሕንድ እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም ከ2001 ጀምሮ የባህል ዕውቀቷን በኮምፒዩተር እየመዘገበች ታስቀምጣለች።

በአገራችንም ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ወጥቷል። ዕውቀቱ የኅብረተሰቡ መሆኑን፣ ሌላ ሰው ሲጠቀምበት ፈቃድ መጠየቅና ጥቅም ማካፈል እንደሚገባው ይደነግጋል። ጥሩ ሕግ ነው። ይሁን እንጂ እኛው ራሳችን የማናውቀውን ቅጠል የእኛ ነው ብለን የምንከራከረው በምን አፋችን ነው? የእናታችን ብልቃጥ ፍርድ ቤት ቢቀርብ «ማር ይሸታል» ከማለት በቀር ምን ማስረጃ አለን?

ከጓሮ ወደ ቤተ ሙከራ

የተጻፈ መድኃኒት መመስገን ብቻ ሳይሆን መፈተንም አለበት። ሦስት ምሳሌ እናቅርብ።

መጀመሪያ እሬት። ሕፃን ጡት ለማስጣል እናቶች የሚቀቡት ይኸው መራራ ተክል ሁለት ዓይነት ፈሳሽ አለው። ከቅርፊቱ ሥር የሚወጣው ቢጫውና መራራው ሆድ የሚያስቀምጥ ነው፤ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2002 ደኅንነቱ አልተረጋገጠም ብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡ ማስቀመጫ መድኃኒቶች አወጡት። ከመካከሉ የሚገኘው ንጹሕ ዝልግልግ ደግሞ ለቃጠሎ የሚቀባው ነው። በ1935 በራጅ ጨረር የተቃጠለ ቆዳ በእሬት ቅጠል እንደዳነ በሐኪሞች መጽሔት ከታተመ ወዲህ በዓለም ተወዳጅ ሆነ። ነገር ግን በ2012 የእስከዚያ ጊዜ ሙከራዎች ተሰብስበው ሲመረመሩ ለቁስል ይረዳል ለማለት የሚያበቃ ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም። ቀላል ቃጠሎ ላይ ማቀዝቀዙን የሚክድ የለም፤ ጥልቅ ቁስል ያድናል ማለት ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ማር ነው። ንቧ ከአበባ የቀሰመችው ስለሆነ ከዕፀዋቱ ጋር ብንቆጥረው አያስነቅፈንም። ማር ወፍራምና ጣፋጭ በመሆኑ ከጀርሙ ውሃውን ይመጥበታል፤ በተጨማሪም ሲቀጥን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የተባለውን ጀርም ገዳይ በጥቂት በጥቂቱ ያወጣል። በ2015 የተሰበሰቡ ሙከራዎች እንዳሳዩት መካከለኛ ጥልቀት ያለውን ቃጠሎ ከተለመዱት መሸፈኛዎች ፈጥኖ ያሽራል። የግብፁ ፓፒረስም፣ የእኛዋም እናት እውነት ነበራቸው ማለት ነው። ሆኖም ሐኪም ቤት የሚውለው ማር በጨረር የጸዳ ነው፤ የገበያ ማር የጀርም ዘር ሊኖርበት ይችላል።

ሦስተኛው የራሳችን መቅመቆ ነው። ቅቤ ሲነጠር የሚጨመረው ቢጫ ሥር መሆኑን ባለሙያ እናቶች ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት አለ። ሥሩን አድርቀው ፈጩት፤ ሜታኖል በተባለ አልኮል ዘፈዘፉት፤ አጥልለውና ፈሳሹን አትንነው የቀረውን በቅባት ለወሱት። ከዚያ አይጦችን በየቡድኑ ከፍለው ለአንዱ መቅመቆ ያለበትን ቅባት፣ ለሌላው ምንም የሌለበትን ቅባት፣ ለሌላው የታወቀ የፋርማሲ ቅባት ቀቡ። የቁስሉንም ስፋት በየጊዜው ለኩ። መቅመቆ የተቀባው ቁስል ባዶ ቅባት ከተቀባው ይልቅ ፈጥኖ ጠበበ፤ እብጠትንም ቀነሰ። ይህ በአይጥ ላይ የታየ ነው፤ በሰው ላይ ይሠራል ለማለት ገና ብዙ መንገድ ይቀራል። ነገር ግን የኩሽና ሥር በልጆቻችን እጅ ተለክቶ መጻፉ የሚያኮራ ነው።

ያልተጻፈው ጉዳት

ባለመድኃኒት ሲያድን ወሬው ሰፈር ያዳርሳል። ሳያድን ሲቀር ግን «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን፤ ድንኳን እንተክላለን፤ በዚያው ይረሳል። የዕድር መዝገባችን የሟችን ስምና የወጣውን ገንዘብ ይይዛል እንጂ ሰውየው ቅጠል ሲያስር ስንት ሳምንት እንደቆየ አይይዝም። ስለዚህ ሁልጊዜ የምናስታውሰው የዳኑትን ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን።

1ኛ. የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ላይ የወጣች ቁስል፣ ብታምም ባታምም፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ይያት። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ አለማመሟ የደኅንነት ምልክት አይደለም።

2ኛ. አፈር ወይም እበት በክፍት ቁስልም ሆነ በሕፃን እትብት ላይ አይደረግ። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም የሚኖረው እዚያ ነው። አገራችን የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን እንዳስወገደች እ.ኤ.አ. በ2017 የተረጋገጠላት በክትባትና በንጹሕ አዋላጅነት ነው።

3ኛ. በሚስማር፣ በዝገት ብረት ወይም በውሻ ንክሻ ለደረሰ ቁስል መጀመሪያ በብዙ ውሃና ሳሙና ማጠብ፣ ቀጥሎ ለክትባት ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የዕብድ ውሻ በሽታን ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ቅጠል የለም።

4ኛ. ቁስሉ የሚሸት፣ የሚጠቁር፣ ትኩሳት የሚያስከትል፣ መቅላቱም ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ቅጠሉ ተፈቶ ሕክምና ይፈለግ።

5ኛ. ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ምን ቅጠል እንዳሰርን አንደብቅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ! በሐኪሞቹም በኩል ሰውን ቅጠል አሰርክ ብሎ መቆጣት ቢቀር መልካም ነው፤ ሰዎቻችን የሚዘገዩት አንዳንዴ ቁጣውን ፈርተው ነው።

ከዕድራችን የሚጠበቅ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ ከተማ በተደረገው ጉባኤ የባህል ሐኪሞች በመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ውስጥ ቦታ እንዲኖራቸው ተስማምቷል። በአገራችንም በ1979 በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ውስጥ የባህል ሕክምናን የሚያስተባብር ጽሕፈት ቤት ተቋቁሞ ነበር። ዛሬም ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋሞች በዚሁ ይደክማሉ። ነገር ግን ተመራማሪው ሰፈራችን ድረስ ሲመጣ የሚጠይቀውን ሰው በሕይወት ማግኘት አለበት።

ለዚህ ደግሞ ከዕድር የተሻለ ማን አለ? በየቤቱ ማን እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳረጀ የምናውቀው እኛ ነን። ስለሆነም ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ዕድሩ አንድ ጠንካራ መዝገብ ይግዛ። መድኃኒት የሚያውቁ እናቶችና አባቶች ፈቃዳቸው ከሆነ የሚከተለው ይጻፍ፤ የቅጠሉ ስም በየቋንቋው፣ የት እንደሚበቅል፣ ቅጠሉ ይሁን ሥሩ ወይም ልጡ፣ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ለምን ዓይነት ቁስል እንደሚሰጥ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ማንን እንዳዳነና ማንን እንዳልጠቀመ። ከቅጠሉም አንድ ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ደርቆ አብሮ ይቀመጥ። ስሙ ቢለያይ እንኳ ቅርንጫፉ ይመሰክራል። ምሥጢሬ ነው ለሚል ባለመድኃኒት ጽሑፉ በፖስታ ታሽጎ በዳኛውና በጸሐፊው ፊርማ ይቀመጥለት፤ በሕይወቱ ሳለ አይከፈትም። የባለመድኃኒቱም ስም በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፍ፤ እንደ ዋጊኖስ አይሁንብን።

መዝገቡ ለሕክምና መመሪያ እንዲሆን አይደለም። ማንም አንብቦ ለጎረቤቱ እንዳያዝዝ፣ ለሚያጠኑት ብቻ እንዲሰጥ በደንቡ ላይ ይገባ።

የእናታችን ልጅ ብልቃጡን አልጣለችውም። በቆርቆሮ ውስጥ አሽጋ አስቀምጣዋለች፤ ለሚመረምር ሰው ለመስጠትም ፈቃደኛ ናት። የእናቷን የቅጠል ጎዳና ከሩቅ ያዩ አንድ ጎረቤትም ወደ ወንዙ ማዶ ይሄዱ እንደነበር ነግረውናል። ከክረምት በኋላ መስከረም ሲጠባ፣ ቅጠል ሁሉ በሚለይበት ጊዜ፣ ጥቂቶች ሆነን ከልጅቱ ጋር ወደዚያ ልንወርድ ተቀጣጥረናል። መሄድ የምትፈልጉ አባላት ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይሁን።